አለች ተብሎ ሲፈረም

ኅዳር 4
ዛሬም ክፍል አልገባሁም። ተኝቼም አልነበረም... የዶርማችንን ግድግዳ የተላጠ ቀለም ሳይ ዋልኩ። ላይኛው አልጋ የምትተኛው ሻለቃ ምሳዬን ይዛልኝ መጣች። ማዘዝ ስለምትወድ ነው ሻለቃ ያልናት።
«አቴንዳንሱ ላይ ፈርሜልሻለሁ። ፊርማሽ በኔ እጅ ያምራል።»
መሳቅ ነበረብኝ። ፊቴ እምቢ አለ።

ኅዳር 9
እናቴ ደወለች። ያነሳችው ሻለቃ ናት።
«ላይብረሪ ናት እማማ፣ ስልኳን ረስታው ሄዳ ነው... ኧረ ትበላለች፣ የኔንም ትሻማኛለች እንጂ።»
ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኜ ሰማኋት። ደህና ልጅ ናት ያቺ የሚያወሩላት። ማን ትሆን?

ኅዳር 15
ፀጉሬን ላበጥር ተነሳሁ። ማበጠሪያውን ይዤ ተቀመጥኩ። በቃ።

ኅዳር 18
ሻለቃ ተቆጣች። አልጮኸችም፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው። እሱ ይብሳል።
«መምህሩ አንድም ቀን ያልቀሩ ብሎ ስም ሲያነብ ያንቺም አለበት። ልጆቹ ሳቁ። እኔ ግን ደነገጥኩ። አንድ ነገር ብትሆኚ እኮ ማንም አይፈልግሽም። ክፍል ነበረች ነው የሚሉት። ያውም በኔ እጅ ተፈርሞ።»
ከነገ ጀምሮ አልፈርምም አለች።
«ልታስባርሪኝ ነው።»
«ተባረሪ። ቢያንስ መቅረትሽ ይታወቅ።»
ከዳችኝ? ልናደድባት ፈለግሁ... አልመጣልኝም።

ኅዳር 26
መቅረቴ ታወቀ። መምህሩ ለተማሪዎች የምክር አገልግሎት ቢሮ ነግሮ ኖሮ አማካሪዋ ራሷ መጣች። ጠና ያለች ሴት ናት። ወንበር ስታጣ የሻለቃ ሻንጣ ላይ ተቀመጠች።
«ምን ይሰማሻል የኔ ልጅ?»
«ምንም።»
አይዞሽ ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አላለችም።
«ይሄ ምንም የምትይው ከመቼ ጀምሮ ነው?»
እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም። አሰብኩ... ከክረምቱ በፊት ሳይሆን አይቀርም።
ሐኪም ታገናኘኛለች። ፈተናውን ቆይቼ እንድወስድ ከመምህራኑ ጋር ትነጋገራለች። አልባረርም ማለት ነው? ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ታኅሣሥ 8
ሐኪሙ የሰጠኝን መድኃኒት ጀምሬያለሁ። ለውጡ ቶሎ አይታወቅም ብሎኛል። እውነቱን ነው።
ዛሬ ምክር ቢሮ ብቻዬን ሄድኩ። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ተራ ስጠብቅ አንድ የክፍላችን ልጅ፣ ሁሉን የሚያስቅ ቀልደኛ፣ መጣ።
«አንቺ፣ ጠፍተሽ ጠፍተሽ እዚህ ነሽ? ስኮላርሺፕ ከሆነ ላይኛው ፎቅ ነው።»
«አሞኛል፤ ለእሱ ነው የመጣሁት» አልኩት። ፊቴን አልደበቅሁም፣ ራስ ምታት ነው ብዬም አላመካኘሁም። ብናገረውም ቀለል አላለኝም። ግን ራሴ ነኝ የተናገርኩት።
ሌላ ቀልድ ሊጨምር የፈለገ መሰለኝ፣ ተወው። የአማካሪዋን በር አየ። ጫማውን አየ።
«ወረፋው... ብዙ ነው?»
ቦርሳዬን አንስቼ አጠገቤ ቦታ ለቀቅሁለት።