ሻምበሉ ያላለው

ጎንደር፣ መጋቢት 22 ቀን 2006 ዓ.ም.

ውድ ላቀው፣

ለፋሲካ እመጣለሁ ብለኸኛል። ሳትመጣ ይህ ደብዳቤ እጅህ እንዲገባ ብዬ ነው የምጽፍልህ። ባለፈው ሳምንት አምባ ጊዮርጊስ መናኸሪያ ላይ «እትዬ ውቢት እንዴት ናት?» ስትለኝ «ደኅና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬሃለሁ። ውሸት ነው። ውቢት ከሞተች ሁለት ዓመት አልፏታል። በ2004 ጥምቀት፣ ታቦቱ በገባ በአምስተኛው ቀን ቀበርናት። እኔ ግን የእግዚአብሔርን ስም ጠርቼ ዋሸሁህ።

ነገሩ ይህ ብቻ ቢሆን ሦስት መስመር ይበቃኝ ነበር። ከመሞቷ በፊት ምን እንዳደረግሁ አንተ የምታውቀው ግማሹን ነው። ሌላውን ግማሽ ሳትሰማ በሬን ብታንኳኳ ሁለተኛ በደል ይሆንብኛል።

ውቢት ግማሽ አካሏ የተያዘ ጊዜ የስፌት መኪናዬን ሸጬ ጌም ቤቱን የከፈትሁት ከአጠገቧ እንዳልርቅ ነበር። ሳሎኑ ለተጫዋቾች ሆነ፤ እሷ ከጣውላው ግድግዳ ወዲያ ተኛች። አንተ ከመካነ ብርሃን በመጣህ ሰሞን በር ላይ ቆመህ ታይ ነበር። ተመልካቾቹ የጌሙን ስክሪን እያዩ «ይህ ባለጢም ሻምበል በሬዲዮ ምን እያለ ነው?» ሲባባሉ፣ ከበሩ ሆነህ «ሚስቱን እያናገረ ነው። ታማበታለች» አልህ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተርጓሚያችን ሆንህ።

ጌሙን «ጦርነቱ» እንለው ነበር፣ የፈረንጅ ስሙ አፋችን ላይ አልቀመጥ ቢለን። በየዓመቱ አዲስ ቁጥር ይወጣል፤ ለእኛ ሲዲው ከአዲስ አበባ የሚደርሰው ታኅሣሥ ላይ ነው። የመክፈቻውን ወግ አትረሳውም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው አግዳሚውን ይሞላዋል። ባጃጅ ነጂው አድማሴ ጆይስቲኩን ይይዛል፤ አንተ በትርህን ይዘህ ከቴሌቪዥኑ ጎን ትቆማለህ። ሲያልቅ እያንዳንዱ ተነሥቶ ይፈርዳል፦ «ይለፍ» ወይም «ይውደቅ»። «ይውደቅ» የበዛበት ቁጥር ሣጥን ይገባል፤ እኛም ወደ አሮጌው እንመለሳለን። ፍርዱ እስኪሰጥ ድረስ ያለው ጭቅጭቅ አሁንም በጆሮዬ አለ።

«የዘንድሮው ጠመንጃ እንደ ባዶ ቆርቆሮ ነው የሚጮኸው! ካርታውም የዶሮ ቤት ያህላል!»

«አንተ ደግሞ! አምና ያለቀስኸው አሮጌው ይሻላል ብለህ፣ ካቻምና ያለቀስኸው አሮጌው ይሻላል ብለህ። የተወለድህ ቀንም ሆድ ውስጥ ይሻል ነበር ብለህ ነው ያለቀስኸው!»

«ተሸንፌ መሰለህ? እኔን ማን አሸንፎኝ ያውቃል?»

«እናትህ! በአለንጋ እየገረፈች ስታወጣህ አላየንም?»

ጠመንጃውን ይሰድባሉ፣ ካርታውን ይሰድባሉ። ሻምበሉን ግን ማንም ክፉ ተናግሮት አያውቅም። አንተ ያልኸውን ሻምበል ማለቴ ነው። በተኩስ መካከል ለሚስቱ የሚልከውን መልእክት፣ እሷ የምትመልስለትን፤ እነዚያ በቃሪያ ጥፊ የሚጫወቱ ጎረምሶች አንገታቸውን ደፍተው ይሰሙህ ነበር።

እኔም ከጓዳ ሆኜ እሰማህ ነበር። ጠዋት ጠዋት ለውቢት ዳዊት መድገም ልማዴ ነው። አንድ ቀን ገና ሁለተኛውን መዝሙር ስጀምር እጄን በደኅናው እጇ ያዘችና «ቆየኝ መለሰ፣ ሻምበሉ እያወራ ነው» አለችኝ። መጽሐፉን አጠፍሁ። ከግድግዳው ወዲያ አንተ አንድ ነገር አልህ፤ እሷም ሳቀች። ከታመመች ጀምሮ እኔ አስቄያት አላውቅም። አጥባት ነበር፣ አገላብጣት ነበር፣ አጎርሳት ነበር፤ ሳቅ ግን የለም። ያን ቀን በሆዴ የገባው ነገር ቀስ እያለ አደገ። በመካከላችሁ ክፉ ነገር እንዳልነበረ አውቃለሁ። ያኔም አውቅ ነበር። የሚከፋውም ይኸው ነው።

በ2004 ኅዳር ላይ የአዲስ ዓለም ሰፈሩ ጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናስር፣ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት የነበረው፣ ጥግ ወሰደኝ። «አያ መለሰ፣ ላቀው የሚለውና ጌሙ የሚለው እኮ አይገናኝም። ሰውየው እንግሊዝኛ አያውቅም መሰለኝ። ሸጋ ሰው ነው፣ ዝም ልበል?» አለኝ። ልጁ ልቡ ደግ ነው፤ ዝም ለማለት ፈቃዴን ነበር የጠየቀኝ። እኔ «ለአሁኑ ዝም በል። አዲሱ ቁጥር ሲመጣ በሰው ፊት ትጠይቀዋለህ። ምልክቱን እኔ እሰጥሃለሁ» አልሁት። ናስር በራሱ የተነሣብህ መስሎህ ኖረህ ይሆናል። አይደለም። እኔ ነኝ።

አዲሱ ቁጥር በተከፈተበት እሑድ ጠዋት ውቢት ከስንት ጊዜ በኋላ ትራስ ተደግፋ ቀና ብላ ነበር፤ ግማሽ ኩባያ አጥሚትም ጠጣች። አንተ ገብተህ እጅ ነሥተሃት ወጣህ። ጨዋታው ተጀመረ፣ ሻምበሉ ሬዲዮውን አነሣ፣ አንተም በትርህን ከፍ አድርገህ «ሚስቱ ናት» አልህ። «ዛሬ ቀና ብዬ ተቀምጫለሁ፣ ግማሽ ኩባያ አጥሚትም ጠጥቻለሁ፣ አንተ ስለ እኔ አታስብ፣ ወንዶችህን ይዘህ ውጣ፣ ነው የምትለው» አልህ።

ከግድግዳው ወዲያ ስትስቅ ሰማኋት። ከሠላሳው ሰው ውስጥ የማን አጥሚት እንደሆነ የገባኝ እኔ ብቻ ነኝ። ለስንት ዓመት በእኔ ቤት፣ በእኔ ፊት፣ ከሚስቴ ጋር ስታወራ ኖረሃል ማለት ነው። ለናስር ራሴን ነቀነቅሁለት።

«ይቅርታ ላቀው» አለ ናስር፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰውየው እኮ እንደዚያ አላለም።»

«ምን አለ ታዲያ?» አለ አድማሴ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ።

«ሄሊኮፕተሩ በሦስት ደቂቃ ይደርሳል ነው ያለው።»

«ሚስቱስ?»

«ሚስት የለችውም። በየትኛውም ቁጥር የለችም።»

አድማሴ ጨዋታውን አቆመ። ስክሪኑ ላይ የቀረውን ጽሑፍ አሳየህና «በል ይችን አንብባት» አለህ። በትርህን ዝቅ አደረግህ። «አንዷን ቃል ብቻ!» አለህ ደግሞ። «ስንተኛ ክፍል ነህ አንተ?» «ከአራተኛ ነው ያቋረጥሁ» አልህ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ አልቆ ቁጣ ሆነ።

«አምስት ዓመት በውሸት ስታስለቅሰን!»

«እኔ እኮ ለሚስቱ ሻማ አብርቻለሁ! ስሟንስ ማን ብዬ ነው ያስጠራሁት? ሻማዬን መልስ!»

«ኧረ እሱስ ይመልስልሃል፣ በእንግሊዝኛ!»

አንዱ በትርህን ነጥቆ እንደ አንተ እየተቆለመመ «ሚስቱ ናት፣ ሽሮው አሮባታል» ሲል ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አድማሴ ተነሣ። «በሉ ፍርድ! ስለ ጌሙ አይደለም፣ ስለ እሱ። እኔ ይውደቅ ብያለሁ።» ከአግዳሚው ጫፍ ጀምሮ አንድ በአንድ ተነሡ። ይውደቅ። ይውደቅ። ናስር ብቻ አልተነሣም። በመጨረሻ «አያ መለሰስ?» አሉኝ። አንተ አየኸኝ። የቤቱ ጌታ ነኝ፤ «ተዉት» ብል ይተዉህ ነበር። «ይውደቅ» አልሁ።

አንተ እኔን አልተናገርኸኝም። ወደ ጣውላው ግድግዳ ዞር አልህና «ድምፃችሁን ቀንሱ፣ እትዬ ውቢት ናት እዚያ ያለችው» ብለህ ወጣህ።

ይህን ያህሉን ታውቃለህ። አሁን የማታውቀውን ልጻፍ።

ሰዉ ሲበተን ገባሁ። ገና ቀትር ነበር።

«ምነው፣ አልወደዱትም?» አለችኝ። ከጫጫታው «ይውደቅ»ን ብቻ ለይታ ስለ ሲዲው መስሏታል።

«አልወደዱትም።»

«ላቀው ምነው ዝም አለ?»

«አገሩ ገባ። ሥራ አገኘ።»

«ሳይሰናበተኝ?»

«ቸኩሎ ነው።»

«ሻምበሉስ?» አለች።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። ምንም ማለት እችል ነበር። ወጣ፣ ቤቱ ገባ፣ ሚስቱን አገኛት፤ አንተ እንደምትለው መፍጠር ባልችል እንኳ ይህን ያህል አያቅተኝም። «ሞተ» አልኋት።

«እንዴት ሆኖ?»

«በጥይት። እንደማንም ሰው።»

«ሚስቱ ሰማች?»

«ማንም አልነገራትም። እየጠበቀች ነው።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። አጥሚቱን ሁለተኛ አልቀመሰችም አልልህም፤ ስሰጣት ትውጥ ነበር። ቀና ብላ ግን አልተቀመጠችም። ዳዊቴን ደገምሁላት፣ መቶ ሃምሳውንም ስንት ጊዜ ጨረስሁላት። ቆየኝ የሚለኝ አልነበረም። አንዱንም የሰማችልኝ አይመስለኝም። ልትሞት ሦስት ቀን ሲቀራት ዓይኗን ገልጣ «እስካሁን አልነገሯትም?» አለችኝ። ያኔም ጊዜ ነበረኝ። «አልነገሯትም» አልኋት።

ከዚያ በኋላ ጌም ቤቱ አንድ ዓመት ብቻ ቆየ። በዓመቱ አዲሱ ቁጥር ሲመጣ ናስር በእውነተኛው እንግሊዝኛ ተረጎመ። «ወደ ግራ ሂድ ነው የሚለው። ሽፋን ስጠኝ ነው የሚለው። ጥይት ቀይር ነው የሚለው።» አድማሴ ትንሽ ታገሠና «ባክህ ናስር፣ ትንሽ ዋሽ» አለው። «አልችልበትም» አለ ልጁ። ሰዉ አንድ በአንድ ወደ ኳስ ማሳያው ቤት ሄደ። እኔም ዘግቼ ወደ መርፌዬ ተመለስሁ።

ለንስሐ አባቴ ለቄስ ወልደ ዮሐንስ የተናዘዝሁት በዚህ ጾም መግቢያ ነው። ስጨርስ መስቀላቸውን ያሳልሙኛል ብዬ ጎንበስ አልሁ። አላሳለሙኝም።

«ሰውየውን አነጋግረኸዋል?» አሉኝ።

«ሩቅ ነው አባቴ። አምባ ጊዮርጊስ አየሁት ብሎኛል አድማሴ።»

«አምባ ጊዮርጊስ ሆነና ሩቅ! ስግደት ልጨምርልህ? እዚሁ ትሰግዳለህ።»

«ይጨምሩልኝ አባቴ።»

«ደስ አለህ አይደል? አልጨምርልህም። ሂድ።»

መጣሁ። በዳባቱ ሚኒባስ በር ላይ ተንጠልጥለህ ስትጣራ ከእህል ተራው ሆኜ አየሁህ። አንተም አየኸኝ። «ወዴት ነህ አያ?» አልኸኝ፣ እንደ ማንኛውም መንገደኛ። «አንተን ብዬ ነው» ብልህ «እኔማ የትም አልሄድም፣ የሚሄደው መኪናው ነው» አልኸኝ። ተሳፋሪው ሳቀብኝ፤ ይገባኛል። ከዚያ ወርደህ ተጠጋኸኝና ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ስለ እሷ ጠየቅኸኝ። «ከዚያ ወዲህ ጎንደርን አልረገጥሁም። ለፋሲካ ግን እመጣለሁ። ለአንተ እንዳይመስልህ። ሻምበሉን አንጠልጥዬባት ነው የሄድሁት፣ ሳልጨርስላት ቢቀር ደስ አይለኝም» አልኸኝ። እኔም «ትጠብቅሃለች» አልሁህ።

ምነው እንዲህ አልሁ ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ራሴን ስመረምር ሰነበትሁ። ፊትህ ሲበራ አይቼ ማጨለም ከብዶኝ ነው ልል ነበር። አይደለም። ሞተች ብልህ «እንዴት?» ትለኛለህ፤ አንደኛ እሱን ፈራሁ። ሁለተኛው ከዚህ ይከፋል፤ ልጻፈው። በዓል ይዘህልኝ እንድትመጣ፣ ከባዶ አልጋ ፊት እንድትቆም፣ እሷን የሚያሳቃት እንደሌለ ያን ጊዜ እንድታየው የሚፈልግ ልብ አሁንም በደረቴ አለ። እጾማለሁ፣ እሰግዳለሁ፤ እሱም አብሮኝ ይሰግዳል። ይህን ደብዳቤ ከበዓሉ በኋላ ልልከው ብዬ ጅምሩን ሁለት ቀን በኪሴ ይዤ ዞሬያለሁ። ዛሬ ግን ለአድማሴ እሰጠዋለሁ። እሱም የራሱ አለበት፤ የራሱን ራሱ ይንገርህ።

ይቅር በለኝ ብዬ አልለምንህም። ለመምጣት ከፈለግህ ቤት አትምጣ፤ በቀጥታ ወደ እሷ ሂድ። በአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን ምሥራቅ በኩል፣ ከወይራው ሥር ናት፤ ስሟ ተጽፏል። ሻምበሉን ከተውህበት ጨርስላት። ሞቷል ብዬ እንደነገርኋት ግን አውቀህ ጀምር።

እኔ ከቅጥሩ ውጭ፣ ከበሩ ግራ እቆማለሁ። ትናንት አድማሴን መቃብሯ ላይ አቁሜ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲናገር አድርጌ ነበር። እኔ ከምቆምበት ሆኖ ምንም አይሰማም።

መለሰ