አጫሽ የለበትም ያልሽው ቤት

ፋጡምዬ፣

አላህ ቀብርሽን ያስፋልሽ። ከተለየሽኝ ሁለት ክረምት አልፎ ሦስተኛው ገባ። የገዳሪፍን ጭቃ ታውቂዋለሽ፤ ከሱቅ እቤት የምደርሰው ጫማዬን በእጄ አንጠልጥዬ ነው። ደክሞኛል። ሰዉ ዕድሜ ነው ይለኛል፤ እኔ ዕድሜ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ልጃችን ሰሚራ ከሰላ ላይ ወለደች። ሴት ናት፣ ስምሽን አወጣችላት። ግን ልጂቱን ይዛ ወደዚህ ቤት እንደማትመጣ ቁርጡን ነገረችኝ። እናቴን የጨረሰ ጭስ ልጄን አያገኛትም አለች። መጀመሪያ ተቆጣሁ፣ አባትሽ ነኝ ብዬ ጮህኩባት። ስልኩን ዘግቼ ሳስበው ግን እውነቷን ነው። ለቅሶሽ ላይ የሆነውን አይታለች። አንቺ ትንፋሽ አጥሮሽ በሞትሽበት ክፍል፣ ለለቀስተኛው ሲጋራ በትሪ ይዤ የዞርኩት እኔው ነኝ። የአገሩ ወግ ነው፣ እንግዳ ማክበር ነው ብዬ። ነውር ነው ያለኝ አንድ ሰው አልነበረም።

ያቺን አንድ ክፍላችንን ታስታውሻለሽ? ከሻ የሚሉት አፈሳ ሲበዛ፣ የሱዳን ፖሊስ ፈቃድ የሌለውን ሐበሻ ከመንገድ ሲለቅም፣ ሰው ሁሉ እኛ ዘንድ ይከተት ነበር። ጓደኛዬ ኡስማንና የሰሊጥ ደላሎቹ በሩን ዘግተው ያጨሳሉ፣ እኔም አብሬ አጨሳለሁ። አንቺ ሰሚራን ታቅፈሽ ጥግ ላይ ትስያለሽ። ስትስዪ ማራገቢያውን ወደ አንቺ አዞርልሽ ነበር። ንፋስ የሰጠሁሽ መስሎኝ፣ የሁላችንንም ጭስ ወደ አንቺና ወደ ልጅሽ ስነዳ ኖርኩ። በዚህም እኮራ ነበር፤ ለሚስቱ የሚያዝን ባል ነኝ ብዬ።

መተው አልችልም እልሽ ነበር። በረመዳን ግን ከሱብሒ እስከ መግሪብ አንድም አልነካም። ለአላህ ብዬ የቻልኩትን ለአንቺ ስል እንዴት እንዳቃተኝ አንዴ እየሳቅሽ ጠየቅሽኝ። እኔም ሳቅሁ። ተምሩን እንኳ ሳልውጥ ክብሪት የምፈልግ ሰው፣ ከመሳቅ ሌላ ምን እላለሁ።

ሆስፒታል ዶክተሩ ቤት ውስጥ የሚያጨስ አለ ወይ ብሎ ሲጠይቅሽ፣ ማንም የለም አልሽው። ሰውዬው ጣቶቼን አየ። ቢጫ ነበሩ። እኔም እጄን ኪሴ ከተትኩ። ፋጡምዬ፣ ለምን ዋሸሽልኝ? እዚያው ብታዋርጂኝ ይሻለኝ ነበር። ከሁሉ የሚያደክመኝ ይሄ ነው።

ባለፈው ረመዳን ከመግሪብ በኋላም አልለኮስኩም። በማግስቱም አልለኮስኩም። እንዴት እንደከበደኝ አልነግርሽም፤ አንቺ ዘንድ ማማረር አያምርብኝም። ከዚያ ግድግዳውን አጠብኩ፤ የወረደው ውሃ የጠቆረ ሻይ ይመስል ነበር። ኖራ ቀባሁት። ኡስማንንም ማጨስ ከፈለገ ከግቢ ውጭ እንዲወጣ ነገርኩት። የሠላሳ ዓመት ወዳጄ ነው፣ ተቀየመኝ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሰው ጠላ እያለ ገበያ ላይ ያወራል። ያውራ።

ሰሚራ ለአረፋ ልጂቱን ይዛ መጣች። በሩ ላይ ቆማ አየሩን አሸተተች። ከዚያ ገባች። ልጂቱን ያንቺ አልጋ ላይ አስተኛቻት። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ትንፋሿን ሳዳምጥ ዋልኩ። ሲር አይልም፣ አይቆራረጥም። አለቀስኩ፣ አልደብቅሽም።

ለሰሚራ መታሰቢያ ልሰጣት ብዬ ሳጥንሽን ከፈትኩ። ለዒድ የምትጠመጠሚውን ሰማያዊ ቶብ፣ ጠረንሽ እንዳይጠፋ ብዬ ቆልፌበት ነበር። ሲጋራ ከተውኩ ወዲህ ማሽተት ችያለሁ፤ አፍንጫዬ ላይ አደረግሁት። አንቺ የለሽበትም። እጥፋቱ ሁሉ የኔን ሲጋራ ይሸታል። ሰሚራ ልጠበው አለች፤ አልሰጠኋትም። ከልጂቱ አርቄ ሱቅ ወስጄ አስቀመጥኩት።

አልረሳሽም። ያደረግሁብሽንም አልረሳም። እጄ ወደ ሲጋራ በሄደ ቁጥር ያንን ቶብ አውጥቼ አሸተዋለሁ።

ባልሽ ከድር