ጌም ቤትህን ዘጋሁት

አሰላሙ ዐለይኩም የኔ ሰይድ፤

አላህ ቀብርህን ያስፋልህ። ከተለየኸኝ ሁለተኛው ረመዳን አለፈ። እስካሁን ዝም ያልኩህ ደግ ወሬ ይዤ ልመጣ ብዬ ነበር፤ ደግ ወሬ ግን የከተማችን የመርሳ መንገድ ሳይጠፋው አልቀረም፣ ያለውን ልንገርህ።

ጌም ቤትህን ዘጋሁት። አትቆጣ፣ እኔ ሳልዘጋውም ሞቷል። መጀመሪያ የግራና ልጆች በገበያ ቀን መምጣታቸውን ተዉ። ከዚያ የሰፈራችን ልጆች ስልክ ያዙና በረንዳችን ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው እንኳ አንገታቸውን ደፍተው ለየብቻ መጫወት ሆነ። ጆተኒውን፣ ያን የጠረጴዛ ኳስህን፣ ፀሐይ ሰነጣጥቃው አሁን ዶሮ ይሰፍርበታል። ስልኩ ደግሞ ጌም ብቻ ይዞ አልመጣም። የጂዳን ፎቅና የሪያድን መኪና፣ አሻግራችኋለሁ የሚለውን የደላላ ድምፅም ይዞ ገባ። ልጆቹ አንድ በአንድ ሄዱ።

ትዝ ይልሃል እንዴት እንደምጨቀጭቅህ? የሥራ ፈት መናኸሪያ ከፈትክ እልህ ነበር። ጎረቤታችን ዘሀራ ዱላ ይዛ መጥታ ልጇን ከአግዳሚው ላይ ስታስነሳው፣ እኔ በመስኮት እያየሁ እሰይ እል ነበር። አንተ ግን ትስቅብናለህ፤ ምን አስጨነቃችሁ፣ ዐይናችን ሥር አይደሉም ወይ ትለናለህ። አንድ ነገር ብቻ አፌን ያስይዘኝ ነበር። የዐስር ሶላት አዛን ሲል ጨዋታው እንዳለ ይቆማል፤ ሙስሊሞቹ ጆይስቲካቸውን አስቀምጠው ወደ መስጊድ ሲሮጡ ክርስቲያኖቹ ማንም እንዳይነካባቸው ይጠብቁላቸዋል። እስኪመለሱ አንዲት ጎል አትሰረቅም። ያኔ እኔም ሰይድ ልክ ሳይሆን አይቀርም እላለሁ፣ በሆዴ ነው እንጂ ፊትህ አልልህም።

ዛሬ ዘሀራ ያለ ዱላ ትመጣለች። ልጇን የመን በረሃ ላይ ቀበርነው ብለው አብረውት የነበሩት ደወሉላት፤ አስከሬን ሳታይ ለቅሶ ተቀመጠች። አሁን እሱ ይቀመጥበት የነበረው አግዳሚ ላይ ትቀመጥና አምሽታ ትሄዳለች።

የልጃችንን የአሕመድን ወሬ ነው ሳዘገየው የቆየሁት። ከእኩዮቹ የቀረው እሱ ብቻ ነበር። ብቻውን ተቀምጦ ከማሽኑ ጋር ሲጫወት ይውላል፤ ሁለተኛውን ጆይስቲክ የሚይዝለት የለም። አንድ ቀን፣ እማ፣ የምጫወታቸው ልጆች ሁሉ እዚያ ናቸው አለኝ። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ ወልድያ ያሉት አጎቱ መጥተው መከሩት። እሺ አለ። አንድ ጠዋት ስነሳ ከሦስቱ ቴሌቪዥኖች ሁለቱ የሉም፣ እሱም የለም። ውርጌሳ ላይ አየሁት ያለኝ የሚኒባስ ረዳት ነው።

ከጅቡቲ አንዴ ደወለ። ጀልባ እየጠበቅን ነው አለኝ። ምን በላህ፣ የት ታድራለህ ስለው፣ የቀረውን ቴሌቪዥን አትሽጪው፣ ስመለስ እሠራበታለሁ ይለኛል። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይጠራም። ቴሌቪዥኑን አልሸጥኩትም፣ አንሶላ አልብሼዋለሁ። ግን በሩን እየከፈትኩ ባዶ ወንበር ማየት አቃተኝ፣ ሰይድዬ። ስለዚህ ነው የዘጋሁት።

አንተን አልረሳህም። ከሶላት በኋላ እጄን ስዘረጋ ከሟቾቻችን ሁሉ ያንተን ስም አስቀድማለሁ፤ ነፍሴ እስካለች እንዲሁ ነው። ልጅህ ላይ ስደርስ ግን ከሟቾች ልጥራው ከሕያዋን ግራ ይገባኛል። ዘሀራ እንኳ ልጇን ከማን ጋር እንደምትጠራው ታውቃለች። እኔ እስከ ዛሬ አሕመድን የምጠራው ከመንገደኞች ጋር ነው፤ ያ ረቢ በሰላም አግባልኝ እያልኩ። ምናልባት ተሳስቼ፣ እሱ ካንተ ዘንድ ደርሶ ከሆነ፣ አደራህን በሕልሜ መጥተህ እንዳትነግረኝ። እንዲሁ ልጥራው።

ያንተዋ ፋጡማ