የደሴቷ ቡና በሮዘተንቪል

ሐሙስ፣ ሰኔ 12፣ ጠዋት

አሁንም መብራት የለም። ሌቦች የዩኒቨርሲቲውን ግሪንሃውስ ኬብል ቆርጠው ወስደውታል፤ ለሁለተኛ ጊዜ። ማሞቂያው በረዶ ሆኗል። ሰኔ ለጆሃንስበርግ የብርድ ወር ነው፤ ውጭ ሣሩ ላይ ውርጭ ተጋግሯል። ቴርሞሜትሩን ማየት ትቻለሁ።

ስሚ ማስታወሻዬ፣ ጭንቀቴ ለአንዷ ብቻ ነው። ጥግ ላይ ላለችው። ለደሴቷ ቡና። አማካሪዬ ፕሮፌሰሯ ከሕንድ ውቅያኖስ ደሴት ሲያመጧት የጣት ያህል ነበረች፤ አሁን ጉልበቴ ጋ ደርሳለች። የእኛው ቡና የሩቅ ዘመድ ናት። ቁጥቋጦ። እስካሁን ማንም ስም አላወጣላትም፣ ምክንያቱም አበባዋን ያየ የለም። እዚያ የቀሩት ጥቂት ናቸው፣ ሁሉም አንድ ኮረብታ ላይ፤ እንቡጥ ሲያወጡ ፍየል ይቀድማል። የእኛዋ ዘንድሮ ሁለት ቅርንጫፍ ላይ እንቡጥ ይዛለች።

ኮረብታው ላይ ደግሞ ድንጋይ ማውጫ ሊከፈት ነው። ፕ/ሯ ስለዚሁ ለሚደረገው ስብሰባ እዚያው ናቸው። ባለሥልጣናቱ ሳይንሳዊ ስም የሌለው ተክል የጥበቃ ዝርዝር ውስጥ አይገባም ብለዋቸዋል። ስም ለማውጣት አበባ የያዘ ቅርንጫፍ ተቆርጦ፣ ተጭኖ፣ ደርቆ በናሙናነት መቀመጥ አለበት። እቅዳችን ቀላል ነበር፤ አንዱ ቅርንጫፍ ለናሙና፣ ሌላው ለዘር።

ያው ቀን፣ ከሰዓት

ኤሌክትሪሺያኑ ሰኞ እመጣለሁ አለ። ሰኞ! እስከዚያ ማን ይቆያል? ፕ/ሯ ስልክ አያነሱም። የተክሏ ፈቃድ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ እንዳትወጣ ይላል። ብትሞትስ ምን ሊል ነው?

ወሰድኳት። በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ ታቅፌ፣ ታክሲ ውስጥ። አጠገቤ የተቀመጡ ጎጎ፣ አሮጊት እናት፣ ሳዉቦና ብለው ሰላም አሉኝና ሕፃን መስሏቸው ስሟን ጠየቁኝ። ገና አልወጣላትም አልኩ። አዘኑልኝ መሰለኝ፣ ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ።

ዓርብ፣ ሰኔ 13

ክፍሌ ውስጥ ናት። የጋዝ ማሞቂያ ፊት ለፊት፣ ራቅ አድርጌ። እንቡጦቹ ደህና ናቸው፣ ተመስገን።

አማረች የወንድሜ የማርቆስ ሚስት ናት። እሱ ሳምንቱን ሙሉ ኦሬንጅ ፋርም ሰፈር ባለችው ትንሽ ሱቁ፣ ስፓዛው ውስጥ ያድራል፤ ቤቱን የያዘችው እሷ ናት። እኛ ከሆሳዕና ነን፣ እሷ ወላይታ፣ የምንግባባው በአማርኛ። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ያበላችኝ እሷ ናት። በር ላይ ቆማ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው አለችኝ። ላቦራቶሪ የማስተምርበት ሰዓት ረፍዶብኝ ነበር። የቡና ዘመድ ነው አልኳትና ወጣሁ። ፊቷ እንዴት እንደበራ ልብ ብዬ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ግን አልጠየቅሁም።

እሁድ፣ ሰኔ 15



ከአምልኮ በኋላ የአማረች የጸሎት ቡድን ሴቶች መጡ። ሳሎኑ ሞላ። አማረች በትልቁ ማንቆርቆሪያ ትኩስ ነገር አመጣች፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ሚጥሚጣ። እንዴት ይሞቃል! አወደስኩ። ይጨመርልኝ አልኩ። ሁለተኛውን እየጠጣሁ ነው አንዷ ቅጠሉን ከየት አገኘሽው ያለቻት። አማረች ወደ እኔ በአገጯ አሳየች። ልጃችን አመጣችልኝ፣ ስንት ዓመት የአገሬ፣ ከቡና ቅጠል የሚፈላው የቅጠል ቡና አምሮኝ ነበር አለች።

ስኒውን እንዴት እንዳስቀመጥኩት አላውቅም። ሮጥኩ። ቡናዋ ራቁቷን ቆማለች። ለጋ ለጋው በሙሉ ተለቅሟል። አንዱ የእንቡጥ ቅርንጫፍ ከነአካቴው ተቀንጥሷል። ታች ያለው ሌላኛው ቅጠሉ ጠና ስላለ ተርፏል።

የምርምሬን እኩሌታ በሚጥሚጣ ጠጣሁት!

ጮህኩባት። በእንግዶቿ ፊት። ምን እንዳልኩ ልጽፈው አልፈልግም፣ መሃይም የሚል ቃል ግን ነበረበት። ሴቶቹ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ወጡ። ከወጡ በኋላ ነው ሌላው ነገር ትዝ ያለኝ። ይቺ ቅጠል መርዝ ይኑራት አይኑራት የመረመረ የለም። ሁላችንም ጠጥተናል።

ሰኞ፣ ሰኔ 16

ለሁሉም ደወልኩ፣ አንድ በአንድ። ሆድሽን አላመመሽም? ራስሽን? ሁሉም ደህና ናቸው። አንዷ እንዲያውም እንዲህ ያለ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም አለችኝ። ለነገሩ የእነዚያ ደሴቶች የዱር ቡናዎች ብዙዎቹ እንቅልፍ የሚነሳው ነገር የላቸውም። በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

የፕ/ሯ ድምፅ ዋትሳፕ ላይ፦ ስብሰባው ወደዚህ ሳምንት መጨረሻ ተስቧል። አንዱ ቅርንጫፍ እንደፈነዳ ቁረጪው፣ ፎቶና መግለጫ ላኪልኝ። ሌላውን ለዘር ተንከባከቢው። እሳቸው አሁንም ሁለት ነው የሚያስቡት። አልመለስኩላቸውም።

ለግሪንሃውሱ መብራት መጥቷል። ከሐሙስ ጀምሮ እዚያ ብትቆይ ግን የማገኘው የደረቀ ግንዷን ብቻ ነበር። ይህን እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ፤ አይሠራም። ሌላ ንፋስ እንዳይነካት ፈርቼ አልመለስኳትም።

ረቡዕ፣ ሰኔ 18

የቀረው እንቡጥ አበጠ። ነገ ወይ ከነገ ወዲያ። ብቆርጠው ተክሏ ስም ታገኛለች፣ ኮረብታው ይተርፋል፣ እኛ ግን ዘር የለንም። እንዲህ የተገፈፈች ተክል ለከርሞ ትደርሳለች ብዬ አልወራረድም። ካልቆረጥኩት ድንጋይ ማውጫው ይከፈታል፣ ወላጆቿ ያልቃሉ። እቆርጣለሁ። ሌላ ምን አማራጭ አለኝ? ምላጩን በአልኮል ጠርጌ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

ማርቆስ ደወለ። አማረች እህል አልቀምስ ብላለች አለኝ፣ ምን አድርገሻት ነው? ወጥ ቤት ሄድኩ ይቅርታ ልላት። ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ቀና አላለችም። ጨው አለ ወይ ብዬ ጠይቄ ተመለስኩ። ፈሪ ነኝ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 19፣ ማለዳ

ሽታ ቀሰቀሰኝ። ጣፋጭ፣ ጃስሚን የመሰለ። ዘልዬ ቡናዋን አየሁ፤ እንቡጧ እንደተዘጋ ነው። ታዲያ ከየት?

በሩ ተንኳኳ። አማረች ናት፣ ዓይኗ አብጧል። በእጇ የውኃ ጆግ። ጆጉ ውስጥ ያ የተቀነጠሰው ቅርንጫፍ፣ ከነቅጠሉ። እና አበባ! ነጭ፣ የፈካ፣ ሙሉ!

እሁድ ከለቀመችው ውስጥ ለሚቀጥለው ሳምንት ይሁነኝ ያለችውን እንዳይጠወልግ ውኃ ውስጥ አስቀምጣው ነበር። ከጮህኩባት በኋላ ልታሳየኝ ፈራች። መጣልም አልሆንላት አለ፣ መኝታ ቤቷ ደበቀችው። ሙቀቱና ውኃው አፈነዱት። ሌሊቱን ሽታው ሲያውዳት ይሄማ ያንቺ ነው፣ ብትገድዪኝም ግደዪኝ ብላ አመጣችው።

አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ። አለቀስኩ። ይቅርታ፣ ይቅርታ፣ ይቅርታ። እሷም አለቀሰች፣ ጆጉን እንዳይፈስ አርቃ ይዛ።

ያው ቀን፣ ከሰዓት

ለካሁት፣ ፎቶ አነሳሁት፣ አንዷን አበባ ፈታትቼ ክፍሎቿን ቆጠርኩ። ጋዜጣ መሃል ዘረጋሁት፤ አማረች ቅጠሎቹን በጣቷ እያስተካከለች። ከላይ የማርቆስን የበቆሎ ዱቄት ጆንያ ጫንንበት።

ፕ/ሯ ጋ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፦ ኬብሉን፣ ታክሲውን፣ ማንቆርቆሪያውን። ከዚያ የአበባዋ ቅጠል ስንት ነው አሉኝ። ነገርኳቸው። ፎቶውን አሁኑኑ ላኪ፣ የፈቃዱን ጉዳይ ስመለስ ፊት ለፊት እንነጋገራለን አሉ። ድምፃቸው ቀዝቃዛ ነበር። ከግሪንሃውሱ ሊያስወጡኝ ይችላሉ። የላኩት ፎቶ ግን ስብሰባው ላይ ሊቀርብ ነው።

ዓርብ፣ ሰኔ 20

የክፍሌ ቡና ዛሬ ፈነዳች። ምላጩን ወደ መሳቢያው መለስኩት፤ አልቆርጣትም። በቀጭን ብሩሽ የአበባውን ብናኝ ከአበባ ወደ አበባ አዳረስኩ። ራሷን በራሷ ማፍራት ትችል እንደሆነ የሚያውቅ የለም። እናያለን።

ናሙናው ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት እየሞላሁ ነው። ፕ/ሯ ጠዋት መልእክት ልከዋል፤ ቅርንጫፉን ለሰበሰበው ሰው በተተወው ቦታ፣ ሰብሳቢ በሚለው ላይ የራስሽን ስም ጻፊ፣ ነገሩን አታወሳስቢው ብለዋል። አማረች ትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብላ ታያለች። ይሄ ወረቀት የት ነው የሚቀመጠው አለችኝ። ከቅርንጫፉ ጋር፣ ለዘለዓለም፣ ስለዚች ቡና ሊያጠና የሚመጣ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው አልኳት። እንግዲያው እጅሽን አስተካክለሽ ጻፊ አለች።

ቦታ፦ ጆሃንስበርግ፣ ሮዘተንቪል፣ መኖሪያ ቤት።

ሰብሳቢ፦ አማረች