ያልተለካው ሙቀት

እሑድ

የአዳራሹ አራተኛ ሙከየፍ ውሃ ባያንጠባጥብ ኖሮ ዛሬም በሰላም ውዬ በሰላም እገባ ነበር። ማቀዝቀዣ ለዚህ አገር ሰው እስትንፋስ ነው፤ ለእኔ ደግሞ እንጀራዬ።

ጂዛን ባሕሩ ዳር ባለው ሆቴል ነገ ጉባኤ ይጀመራል። የቺፕ ነዳፊዎች ጉባኤ ነው፤ ከዩኒቨርሲቲም ከኩባንያም የተጠራ ሰው አለ። ሙዲሩ፣ አለቃዬ፣ ጠዋት ጠርቶኝ፣ «ያ ሙሀንዲስ፣ ሦስት ቀን ከአዳራሹ ንቅንቅ እንዳትል። ዶክተሮቹ ካላባቸው አንተን ነው የማላብህ» አለኝ። እዚህ አገር መፍቻ የያዘ ሁሉ ሙሀንዲስ ነው። እኔ የእውነት መሆኔን አያውቅም። አልነገርኩትም።

መሰላል ላይ ወጥቼ ቱቦውን ሳጠብቅ ከሥሬ አንዲት ተማሪ የጥናቷን ትልቅ ወረቀት ትሰቅላለች። ጠብታው እሱ ላይ አረፈ። «ያ ሰዲቅ፣ ወዳጄ፣ ወረቀቴን!» አለች። ወርጄ በጨርቅ ሳደርቅ አንድ ግራፍ አየሁ። የማውቀው ግራፍ ነው፤ የሣልኩት እኔ ነኝ። ከሥሩ በእንግሊዝኛ «መንበሩ፣ ጌ.» ይላል።

መንበሩ አባቴ ነው። ፈረንጆቹ ስም ሲጠቅሱ የአባትን ያስቀድማሉ፤ እኔን በአንድ ፊደል አስቀርተው አባቴን ጂዛን ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ቀበሌ ጸሐፊ ነበር። ስሙን ከማኅተም ሥር እንጂ ከውሸት ሥር ጽፎ አያውቅም።

አዎ፣ ከውሸት ሥር። ዛሬ አልጽፈውም።

ሰኞ

ጠዋት ሰማዩ ላይ ሁለት ጊዜ ጧ አለ። ከየመን የተላከውን ሚሳይል አየር ላይ መቱት ማለት ነው። ዐረቦቹ ቀና ብለው አዩና ሻያቸውን ቀጠሉ። አውሮፕላን ማረፊያው ተዘግቶ ዋለ፤ ከሪያድ የሚጠበቁት ተናጋሪዎች እዚያው ቀሩ። ጉባኤው ባዶ እንዳይሆን ተማሪዎቹን መድረክ ላይ አወጧቸው።

የትናንቷ ልጅ ስሟ ሪም ነው። ከአቡ ዓሪሽ ከተማ ናት። አባቷ ነጭ በነጭ ለብሰው ከኋላ፣ እኔ አጠገብ ነበር የተቀመጡት። እሷ አንድ ቃል በተናገረች ቁጥር ወደ እኔ ዞረው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ እንግሊዝኛው እንደማይገባኝ እርግጠኛ ናቸው። ለእሳቸውም አይገባቸውም።

የነደፈችው ቺፕ ለእርሻ ጉድጓድ ነው። ገበሬው የውሃውን መጠን በስልኩ እንዲያይ። ሳጥኑ የሚቀመጠው ሜዳ ላይ፣ ፀሐይ ላይ። ከዚያ ይህን አለች፦ «በሙቀት የሚዛባውን ልኬት የሚያስተካክለውን ክፍል አውጥቼዋለሁ። መንበሩ እስከ ሰማንያ አምስት ዲግሪ ለክቶ አያስፈልግም ብሏል።» አጨበጨቡላት። እኔን ብርድ ብርድ አለኝ፤ ከሙከየፉ አልነበረም።

የፊታችን እሑድ ንድፉ ውጭ አገር ወደሚሠራበት ፋብሪካ ይላካል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚጋሩት ተራ ነው፤ ተራው ያመለጠው እስከሚቀጥለው ይጠብቃል። ቺፕ እንደ ሙከየፍ ተፈትቶ አይጠገንም። አንዴ ከታተመ ታተመ።

ማክሰኞ

እሺ፣ ልጻፈው።

አንድ ሰርኪዩት እያሞቅኩ ስለካ አርባ አምስት ላይ ነው የቆምኩት። የዩኒቨርሲቲያችን ማሞቂያ ሳጥን አርባ አምስት ዲግሪ ላይ ተቃጠለ። ለውጭው ጉባኤ ጽሑፍ የማስረከቢያው ቀን ማግስቱ ነበር። መስመሩ እስከዚያ ድረስ ቀጥ ብሎ ነው የመጣው። እንዲሁ ይቀጥላል አልኩና ነጥብ ማስቀመጥ ጀመርኩ። ሃምሳ። ስልሳ። ሰባ። ሰማንያ አምስት። የተለካ እንዲመስል ሁለት ነጥቦችን ትንሽ አጣመምኳቸው። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይህ ነው። ሌላው ችኮላ ነበር ይባል፤ ማጣመሙ ግን ምን ይባላል?

መምህሬ አምኖኝ ሄዶ አቀረበው። በሁለተኛው ሳምንት ማሞቂያው ተጠገነ። ተመልሼ ልለካው እችል ነበር። አልለካሁም፤ ፈራሁ።

ከዚያ የሆነው የታወቀ ነው። ሥራ ጠፋ። ደላላው «በእስላም ስም ቪዛው ይፈጥናል» አለኝ፤ ፓስፖርቱን በሰዒድ ስም አወጣሁ። ዲግሪው የጌታሁን ነው። ሰዒድ ዲግሪ የለውም፤ ስለዚህ ሰዒድ መፍቻ ይዞ ጣሪያ ይወጣል። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝም ነበር። ጌታሁንን ማንም እንዳይጠይቀው ከሰዒድ ሥር ደበቅኩት።

የየመን ድንበር ላይ ባለው ጡዋል ኬላ፣ ጦርነቱ የጭነት መኪናውን ሁሉ ካስቀረ በኋላ፣ የአንድ ቢሮ ሙከየፍ ሠርቼ ነበር። ፀሐይ የዋለበት ሳጥን ውስጥ ቴርሞሜትሬ ሰባ ሁለት አለ። በሰባ ሁለት ያ ሰርኪዩት ምን እንደሚሆን አላውቅም። ማንም አያውቅም። አውቃለሁ ብዬ የጻፍኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ዛሬ ሦስት ጊዜ ወደ ልጅቷ ተራመድኩ፣ ሦስት ጊዜ ተመለስኩ። አንዴ ዶክተሮች ከበዋት። አንዴ ሙዲሩ አየኝ። ሦስተኛው ምክንያት የለውም።

ማታ ለሙሐመድ ነገርኩት። የከሚሴ ልጅ ነው፤ አቡ ዓሪሽ መለዋወጫ ሱቅ ይሠራል፣ ክፍል እንጋራለን። እውነተኛ ስሜን የሚያውቅ እዚህ እሱ ብቻ ነው። «ወላሂ ዝም በል፣ አንተዬ! ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ሙሀንዲስ ነኝ ካልክ ስምህ ይጠየቃል። ስምህ ከተጠየቀ ኢቃማህ ኸላስ፣ መኖሪያ ፈቃድ የለህም፤ ተርሒል ነው፣ በመጣህበት ይመልሱሃል።»

«ልጅቷስ?» አልኩት።

«እሷ አገሯ ላይ ናት፤ አባቷም አጠገቧ ናቸው» አለኝ። መብራቱን ካጠፋ በኋላ ግን፣ «የጉድጓዱ ሰውዬ ነው የሚያሳዝነኝ» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ረቡዕ

ጾም ነው። ፉል ያለ ቅቤ። እንኳንም ጾም ሆነ፣ ሌላ ነገር አይወርድልኝም ነበር።

ከሰዓት ወረቀታቸውን ማውረድ ሲጀምሩ መሰላሌን ይዤ ሄድኩ። መሰላል የያዘን ሰው ማንም የት ትሄዳለህ አይለውም። አባቷ አጠገቧ ነበሩ። ለእሳቸው በዐረብኛ ሰላምታ ሰጠሁና፣ «ያ ዓም፣ አጎቴ፣ ለልጅዎ ስለ ሥራዋ አንድ ነገር እንድነግራት ይፈቅዳሉ?» አልኩ። ስለ ሙከየፉ መስሏቸው፣ «ተናገር፣ ተናገር» አሉ።

በእንግሊዝኛ ጀመርኩ። ልጅቷ የወረቀቷን ማጣበቂያ ቴፕ እንደያዘች ቀረች። «ይህ መስመር እስከ አርባ አምስት ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ነጥቦች አልተለኩም። ያወጣሽውን ክፍል መልሺው።»

«አንተ በምን ታውቃለህ?» አለች። ዐይኗ ደረቴ ላይ የተንጠለጠለው ካርድ ላይ አረፈ። ሰዒድ፣ የማቀዝቀዣ ሠራተኛ።

ጓደኛዬ ነው የጻፈው ልል አስቤ ነበር። መንገዱን ሁሉ ስለማመደው ነው የመጣሁት። አፌ ላይ ሲደርስ ሌላ ነጥብ ማጣመም መሰለኝ። «የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

ሳቀች፣ በክፋት አይደለም። ከኪሴ የጥገና ቅጹን አውጥቼ ጀርባው ላይ ሰርኪዩቱን ሣልኩላት። ያጣመምኳቸውን ሁለት ነጥቦች በጣቴ አሳየኋት። ሳቋ ጠፋ። ወረቀቱን ተቀብላኝ ወጣች። አባቷ ግራ ተጋብተው፣ «ሙከየፉ ተበላሸ?» አሉኝ።

«አይ፣ ያ ዓም። እኔ ነኝ» አልኩ። አልገባቸውም።

ሐሙስ

ስጋቶቼ፦

ለሙዲሩ ትነግረዋለች።
ለዩኒቨርሲቲው ትነግራለች፣ ዩኒቨርሲቲው ለሙዲሩ።
አላመነችኝም፣ እሑድ እንዲሁ ትልከዋለች።

ሦስተኛው ከሁለቱ ይበልጥ እንደሚያስፈራኝ ስጽፈው ነው ያወቅኩት።

ከጂዛን መውጫ ፍተሻው ላይ ወታደሩ ኢቃማዬን ከወትሮው ረዘም አድርጎ አየው። ለካ ስልክ እያወራ ነው። «ያላ፣ ሂድ» አለኝ። ከሰዓት ሙዲሩ ደወለ። ነገረችው አልኩ። አቡ ዓሪሽ ያለ ክሊኒክ ሙከየፉ ጮኸ ነው የሚለው። ሄጄ ሠራሁት። እንደዚያ በደስታ የሠራሁት ሙከየፍ የለም።

ዓርብ

ጠዋት አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ያ ጽሑፍ ላይ የኢሜይል አድራሻዬ አለ። የጌታሁን። አገር ከለቀቅኩ ወዲህ ከፍቼው አላውቅም። የይለፍ ቃሉን ግን አልረሳሁትም፤ የእናቴ ስም ነው።

ሪም የላከቻቸው አራት ደብዳቤዎች ጠበቁኝ።

የመጀመሪያው ከአምስት ወር በፊት የተላከ ነው። «ክቡር ዶክተር መንበሩ፣ ከአርባ አምስት በላይ ያሉትን ነጥቦች በምን መሣሪያ እንደለኩ ቢነግሩኝ? መሣሪያውን ጽሑፉ ላይ አላገኘሁትም።» ሁለተኛው ይኸው ጥያቄ ነው፣ ይቅርታ የታከለበት። በሦስተኛው፣ «ዝምታዎን ጥያቄዬ ተራ ስለሆነ ነው ብዬ ወሰድኩት። መለኪያዎን አምኜ እቀጥላለሁ» ትላለች።

እዚህ ላይ ስልኩን አስቀምጬ ወጣሁ፣ ደጁን ዞሬ ተመለስኩ። ጠይቃኝ ነበር! ትክክለኛውን ጥያቄ፣ በጊዜው። ስሜን ደብቄ እኔ ተኛሁ፤ እሷ ዝምታዬን እንደ መልስ ወሰደችው።

አራተኛው የትናንት ነው። «ሙሀንዲስ፣ ክፍሉን እመልሰዋለሁ፤ እስከ እሑድ ግን አይደርስም። ተራዬን ለቅቄያለሁ። ምረቃዬ አንድ ዓመት ይገፋል። አልዋሽህም፣ ተናድጃለሁ። የጉባኤው መጽሐፍ ላይ ማረሚያ ማስገባት አለብኝ። በማን ስም ይሁን? ደረትህ ላይ የነበረውን ካርድ አላነበብኩትም።»

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ለሙሐመድ ተርጉሜ አነበብኩለት። «ስሙን አላየሁም ማለቷ ነው፤ አላህ ይስጣት» አለ። «አንተ ግን ዓመቷን በላህባት።»

በላሁባት። ሙሐመድ እንኳን ዛሬ ዝም በል አላለኝም።

መልሱን አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ አጠፋሁት። ይቅርታው ሲበዛ ልመና መሰለ። በመጨረሻ አጭር ሆነ፦ መሣሪያው በአርባ አምስት ተቃጥሎ ነበር። ከዚያ በላይ ያለውን አልለካሁም፣ ፈጠርኩት። ደብዳቤሽን አለመክፈቴ ሁለተኛው ጥፋቴ ነው። ዓመትሽን መመለስ አልችልም።

ከዚያ ስሙ መጣ። ጌታሁን የሚለው ስም ከዚያ ጽሑፍ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታተም ለማረሚያ ሊሆን ነው። ይሁን። የደብዳቤው መጨረሻ ላይ ይህን ጨመርኩ፦

«እንደ ልማዱ 'መንበሩ' ብለሽ አትጻፊ። እሱ የአባቴ ስም ነው። ጌታሁን በይ፤ አባቴ የለካውም የዋሸውም ነገር የለም።»

ላክሁት። እስካሁን አልመለሰችም።