ዓሣ የማይገባበት ከረጢት

ለተወደድሽው እህቴ ለጀዋሪያ፣

አሰላሙ ዓለይኪ። ጤናሽ እንዴት ነው? ዓይንሽ ክር በመርፌ ማስገባት አልከበደውም? የባለቤትሽ የዓብዱረዛቅስ ወገብ ተሻለው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሙቀቱ ጋብ ስላለ ከዓስር ሶላት በኋላ በእግሬ መውጣት ጀምሬያለሁ።

የሙሽራ ጥልፍ ፈላጊ እያጣ ስለሄደ፣ እሱን ትቼ ከረጢት እየሰፋሁ ወደ ጅቡቲ ልላክ ወይ ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። የዘገየሁት ሳልፈትን መናገር ስላልወደድኩ ነው። እዚህ ፌስታል በሕግ መከልከሉ እውነት ነው። ቡላኦስ ገበያ ተቆጣጣሪዎች እየዞሩ ከሻጮች ይሰበስባሉ፤ መያዣ ሳይዝ የመጣ ሰው ሽንኩርቱን በሽርጡ ቋጥሮ ሲሄድ አይቻለሁ። ስለዚህ ፈላጊው አለ።

ለናሙና ጠልፈሽ የላክሻቸውን ከረጢቶች ለጎረቤቶች አድዬ፣ አንዱን ለራሴ አስቀርቼ ማን ገበያ ይዞት እንደሚወጣ ጠበቅሁ። ሁሉም ጥልፉን አይተው መረቁሽ። ገበያ ይዞት የወጣ ግን የለም። ፋጤ ቤት ብገባ ቁርኣኗን ከታበት ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች። «ሙዓሊም፣ በዚህ ዓሣ ልሸከም? እጄ ይቆረጥ! ሰውስ ምን ይለኛል?» አለችኝ። ሳፊያ ደግሞ ለልጇ ሠርግ ሣጥን ውስጥ ቆልፋበታለች፤ እንዲህ የተደከመበት ነገር ሽንኩርት አይታጨቅበትም ባይ ናት። እሷ ራሷ ያን ቀን ድንቿን የያዘችው ደብቃ ባቆየችው ፌስታል ነበር።

አልፈርድባቸውም። እኛ እንዲህ ያለውን ጥልፍ ለሙሽራና ለኪታብ እንጂ ለጓዳ አናውቀውም። አንቺም የሰፋሽው እጅሽ እንደለመደው ነው። ስለዚህ የራሴን ወስጄ ጥልፉን በምላጭ ፈታሁትና ለፋጤ ሰጠኋት። ገልበጥ አድርጋ አይታ፣ «ይኼ ደግሞ ለሰው ይሰጣል እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። በማግስቱ ዓሣ ይዛበት ስትመለስ አገኘኋት። ከዚያ ወዲህ እያጠበች ትይዘዋለች፤ ስፌቱም አልላላም።

እንግዲህ ከረጢት የምትሰፊ ከሆነ ወፍራም ጨርቅና ጠንካራ ማንጠልጠያ ይሁን፤ ጥልፍ ግን አይኑረው። ያለ ጥልፍ መስፋት እጅሽ እንቢ ካለ ሥራው ለአንቺ አይደለምና አትጀምሪው። ከጀመርሽው ማንም እንደማይመርቅሽ፣ ሁሉም ግን እንደሚይዘው እወቂ። የፈታሁትን ክር በዚሁ ፖስታ አድርጌዋለሁ። ቋጠሮሽ ከሰዓት በኋላዬን ሙሉ ወስዶብኛል።

ለዓብዱረዛቅ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ከባድ ዕቃ አያንሳ። ሐምዲያን ሳሚልኝ፤ ከትምህርቷ እንዳትቀር። ተቅዋ ስትወልድ ወዲያው አስታውቁኝ፤ ዱዓዬ ከእሷ ጋር ነው።

ወንድምሽ ሙጠሊብ
ጅቡቲ፣ ካርቲየ 5
ኅዳር 11 ቀን 2009 ዓ.ም.