ያልታጠበው የደምለው ጋቢ

ጥር ፲፬ ቀን ፲፱፻፸ ዓ.ም.፣ መተማ ዮሐንስ።

እኔ አዛናው አለነ፣ ዕድሜዬ አሥራ ሰባት፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ፣ የቆላው በሽታ ሆዴን ቢያሳብጠውም አእምሮዬን አልነካውም። ማንም ሳያስገድደኝ የምናገረውን የነፍስ አባቴ መምሬ አምባው ይጽፉልኛል። ምንም እንዳያለሰልሱ ለምኛቸዋለሁ።

ቤቱና ሁለቱ በሬዎች የእናቴ የየሻረግ ይሁኑ። ሁለት ወልዳ ሁለቱንም ልትቀብር ነውና ከዚህ ቤት ማንም አያስነሣት።

የትምህርት ቤት ጫማዬ ለጎረቤታችን ለጥሩአየሁ ልጅ ይሰጥ። ይሰፋዋል፤ ግን ያድግበታል።

አህያዋ የባለሱቁ የአቶ ሽኩር ትሁን። ምክንያቱም ይጻፍ። በጥቅምት፣ የሰሊጡን ነዶ አቁመን በጨረስን ማግሥት፣ ታላቅ ወንድሜ ደምለው ጎህ ሲቀድ ጋቢውን ለብሶ፣ እጆቹን ዘርግቶ፣ በማሳው ዳር ለጸሎት ቆመ። የቀበሌው ጥበቃ ፈንቴ ጠራው፤ ደምለው አልመለሰም። አቶ ሽኩር ከሱቁ በር «ተው! ሰውዬው ሶላት ላይ ነው!» ብሎ ጮኸ። ፈንቴ ተኮሰ። እስላሙ ጸሎቱን ከሩቅ አየ። ፈንቴ ግን የወንድሜ የክርስትና አባት ነው፤ በጥምቀቱ ቀን አቅፎ የተቀበለው እርሱ ነው።

ፈንቴን አስጠርቼዋለሁ፤ በሩ ሥር ቆሟል። ከሕፃንነቴ አንቱ ስለው ኖሬ ዛሬ አንተ እለዋለሁ። እናቴ «ኧረ ልጄ፣ የክርስትና አባት አንተ አይባልም!» ብላለች። ይህም ይጻፍ።

«ደጋግሜ ጠርቼዋለሁ» አለ ፈንቴ። «አልሰማኝም።»

«ሌላ እየሰማ ነበራ!»

«ከማዶ፣ ሱዳን ድንበር ላይ ላሉት ሽፍቶች ምልክት የሚሰጥ መሰለኝ።»

«ጀርባውን ለማዶ ሰጥቶ? ክርስቲያን ወደ ምሥራቅ ዞሮ እንደሚጸልይ ያስተማርኸው አንተ አይደለህም?»



ደምለው ነዶውን ስናቆም እንዲህ ብሎኝ ነበር፦ «እየው አዛናው፣ ሰሊጡ አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ ዝም ብሎ ሲቆም ፍሬው አይረግፍበትም። ልብም እንዲያ ካልቆመ የተሰጠውን አይዝም። አንተማ አሜን ሳይባል ወደ ምሳህ ትሮጣለህ!» ፈንቴ የጣለው እንዲያ የቆመውን ነው።

አሁን ወደ ጋቢው። በእኛ ዘር የተገደለ ሰው ልብስ ደሙ እስኪመለስ አይታጠብም፤ ልብሱን የተቀበለ የደሙን ዕዳ ተቀበለ ማለት ነው። ጋቢው እስከ ዛሬ ከራስጌዬ አልተለየም። የአጎቴ ልጅ ዋኘው እጁን ዘረጋ። አልሰጠሁትም።

ጋቢው የፈንቴ ነው።

ሳያጥበው ይልበሰው። በየንጋቱ ወንድሜ በወደቀበት ቦታ ወደ ምሥራቅ ዞሮ፣ እጆቹን ዘርግቶ ይቁም፤ ደምለው ይሰማ የነበረውን እስኪሰማ ድረስ። ጥይት ቶሎ ይገላግለዋል፤ እኔ ቶሎ እንዲገላገል አልፈቅድም። አንድ ንጋት የቀረ እንደ ሆነ ጋቢውን ዋኘው ይረከበው።

መምሬ መጻፋቸውን አቁመው «ልጄ፣ ይህ ንስሐ ነው ወይስ በቀል?» አሉኝ።

«በቀል ነው አባ። ንስሐ ማድረጉ የእርሱ ድርሻ ነው።»

ፈንቴ ጋቢውን ተቀብሎ ለበሰ። ደረቱ ላይ ደሙ እንደ ዛፍ ቅርፊት ደርቋል።

«ቆሜ ቆሜ ምንም ባልሰማስ?» አለኝ።

መልሴ ይጻፍ። እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ በየንጋቱ በዚህ አልጋ ላይ ጆሮዬን እጥላለሁ፤ የሚሰማኝ ያንተ ጥይት ብቻ ነው። የሰማህ ቀን መጥተህ ንገረኝ። ሞቼ ብትደርስ መቃብሬ ላይ ቆመህ ንገረኝ፤ እስከዚያ ግን አልማርሁህም።

ቃሌ ተነብቦልኝ ልክ ነው ብዬ ፈርሜአለሁ፦ አዛናው አለነ።

ምስክሮች፦ መምሬ አምባው፣ ፈረሙ። አቶ ሽኩር፣ ፈረመ። ፈንቴ ምስክር ሊሆን አይገባውም፤ ሆኖም መስማማቱን በአውራ ጣቱ አትሟል።

ዋኘው አልፈርምም ብሎ ወጥቷል። ከደጅ ሆኖ «ነገ ጎህ ሲቀድ ማሳው ዳር እጠብቀዋለሁ» ያለው ቃል፣ ተናዛዡ ይጻፍ ስላለ ተጽፏል።